ከደንገጎ ሆኜ «ያውልሽ» ብዬ የማሳያት ኮከብ ፈልጉልኝ

የደንገጎ ሹፌር፦

ሰላም ቤቶች። ጥያቄዬ አንድ ነው፣ ወሬው ግን ትንሽ ይረዝማል። ታገሱኝ።

ድሬና ሐረር መሀል አይሱዙ ነው የማሽከረክረው። ጭነት ሲኖረኝ ደንገጎን የምወጣው ማታ ነው። ቀን የድሬ ሙቀት ጎማውንም ሰውንም ይጨርሳል። ዳገቱ እንዳለቀ መኪናዋን ዳር አስይዤ ሞተር አቀዘቅዛለሁ። ረዳቴ ጎማው ስር ድንጋይ ይወትፋል። ከዚያ ሁለታችንም ቀና ብለን ሰማይ እናያለን። ወላሂ እዚያ ላይ ሰማዩ ሌላ ነው።

የእህቴ ልጅ 8ኛ ክፍል ናት። ስልኬን ትቀማኝና የሕዋ ዜና ስታነብ ታመሻለች። ብላክ ሆል ተገኘ፣ አዲስ ፕላኔት ተገኘ፣ ሩቅ ጋላክሲ ተገኘ። ከዚያ እጄን ይዛ ግቢ ታወጣኝና «አጎቴ፣ የትኛው ነው?» ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ! በደፈናው ወደ ላይ ብጠቁም እንደማታምነኝ ፊቷ ያስታውቃል።

ባይኖኩላር አለኝ። ከድሬው ታይዋን ገበያ የገዛሁት አሮጌ ነው፣ ላዩ ላይ 10×50 ይላል። ጥያቄዬ እንግዲህ ይኸው፦ ተመራማሪዎች በቅርብ ዓመታት አዲስ ነገር ካገኙባቸው ውስጥ ከእኛ ሰማይ በዓይን ወይም በዚህ ባይኖኩላር የሚታይ አለ? «በትልቅ ቴሌስኮፕ ብቻ ነው» የሚባለውን ተዉት። ጣቴን ቀስሬ የማሳያትን ነው የምፈልገው።

ከዚራ ጥላ ስር፦

አቦ አንተ ታድለሃል። እኛ ሰፈር ዛፉ ሰማዩን ጋርዶት መብራት ሲጠፋ እንኳ የምናየው ቅጠል ነው። ጨረቃን ለማየት አስፋልት መሀል መቆም አለብኝ፣ እዚያ ደግሞ ባጃጅ ጥሩምባውን ያስጮህብኛል። ቁም ነገሩን ለሚያውቅ ልተው። የሐረሯ ቲቸር ካሉ ይመልሱልህ።

ቲቸር ከሐረር፦

አለሁ። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነው የዘገየሁት።

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። ስለ ሕዋ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቴሌስኮፑ ዋጋና ስለ ፎቶው ማማር ነው። የተጠናው ነገር የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ደግሞም እኛ የተቀመጥንበት ቦታ የዋዛ አይደለም። ሐረርም ድሬም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይደርሰናል። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ብሎ ይታየናል፤ ዞር ስንል ደግሞ የደቡብ መስቀል አለ። ለንደን ያለ ሰው የደቡብ መስቀልን ለማየት አውሮፕላን መሳፈር አለበት።

ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወሩንና ሰዓቱን በእኛ።

በቀላሉ እንጀምር። ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀና በል። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ኮከቦች ታያለህ፤ የኦሪዮን ቀበቶ የሚባሉት ናቸው። ከነሱ ወደ ሰሜን ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ አለ። ቤቴልጉዝ ነው። እኛ አገር በቀጥታ አናት ላይ ነው የሚያልፈው፤ ረዳትህ ማዳበሪያ ካነጠፈልህ በጀርባህ ተኝተህ ብታየው ይሻላል።

ይህ ኮከብ በ2019 መጨረሻ መደብዘዝ ጀመረ። በ2020 መጀመሪያ ብርሃኑ ወደ ሲሶ ወረደ። «ሊፈነዳ ነው» ተባለ፣ ዓለም ተንጫጫ። ኋላ ሲመረመር ኮከቡ ራሱ የተፋው ጋዝ ቀዝቅዞ አቧራ ሆኖ ነው ፊቱን የጋረደው። አዲሱ ዜና ግን ከዚህ ይበልጣል። ቤቴልጉዝ ብቻውን አይደለም። ብርሃኑ በየስድስት ዓመቱ ገደማ ከፍ ዝቅ የሚለው አንድ ትንሽ ኮከብ ስለሚዞረው ይሆናል ብለው ሁለት ቡድኖች በ2024 ገመቱ። በ2025 ደግሞ ሃዋይ ባለው ጀሚኒ ኖርዝ ቴሌስኮፕ የተሠራ ሌላ ጥናት ያንን ጓደኛ በምስል አገኘሁት አለ። ከቤቴልጉዝ ያለው ርቀት ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን አራት ጊዜ ያህል ነው፤ ከእንዲህ ያለ ግዙፍ ኮከብ አጠገብ ማለት ጉያው ውስጥ ማለት ነው። ምልክቱ ደካማ ስለሆነ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ጓደኛው በደንብ ራቅ ብሎ የሚታይበት ጊዜ በ2027 መጨረሻ ገደማ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ይለይለታል። ለልጅቷ «ይህ ቀዩ ኮከብ የሚዞረው ትንሽ ኮከብ አለው፣ ገና እያረጋገጡት ነው» በላት። ውሸት የለበትም።

ከዚያው ሳትነሳ ፊትህን ወደ ደቡብ አዙር። ይህኛው ጨለማ ይፈልጋል። ሐረር ከተማ ውስጥ ከሆንክ ሐኪም ጋራ ደቡቡን ይጋርድብሃል፤ እኔ ጋራው ላይ ወጥቼ ነው የማየው። አንተ ደንገጎን አልፈህ ወደ ሐሮማያ ሜዳው ላይ ብትቆም ጥሩ ነው። ከአድማሱ ከፍ ብሎ፣ ክንድህን ዘርግተህ ከምትጨብጠው ቡጢ ትንሽ ላቅ ባለ ከፍታ፣ ከሰማይ የማይንቀሳቀስ የነጣ ደመና ታያለህ። ነፋስ አይወስደውም። ትልቁ የማጄላን ደመና ነው። ደመና ተባለ እንጂ ጋላክሲ ነው፣ ማለትም እጅግ ብዙ ኮከቦች የተሰበሰቡበት፤ 160,000 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ይርቃል። በ2024 መጨረሻ ቺሊ በረሃ ያሉ ቴሌስኮፖች ተቀናጅተው ደመናው ውስጥ ያለ አንድ ሊሞት የተቃረበ ግዙፍ ኮከብ በቅርበት አነሱ። ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለ ኮከብ እንዲህ ቀረብ ተደርጎ ሲነሳ የመጀመሪያው ነው። የእንቁላል ቅርጽ ባለው አቧራ ተጠቅልሎ ነው የተገኘው። ኮከቡን አንተ አታየውም፣ ያለበትን ጋላክሲ ግን በዓይንህ ታየዋለህ።

አሁን የምወደው መጣ። እዚህ ላይ አትቸኩለኝ።

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019፣ 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ከመቶ በላይ አገሮች አንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጠ። የኢትዮጵያ ኮከብ «ቡና» ተባለ። የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል»። ቀልድ አይደለም፣ በመዝገብ የሰፈረ ይፋዊ ስም ነው። የሐረር ሰው ይህን አለማወቁ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቡናችን ዓለምን ዞረ ብለን እንኮራለን፣ ሰማይ ላይ መውጣቱን ግን ማንም አልነገረንም።

ኮከቡ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ዛሬ የምታየው ብርሃን ከዚያ ሲነሳ ሐረርን አሚሮቿ ነበር የሚያስተዳድሯት። ፕላኔቱ አቦል በክብደቱ ከጁፒተር አራት እጥፍ ይበልጣል፣ ጋዝ ነው፣ የሚቆምበት መሬት የለውም። ኮከቡን አንድ ጊዜ ለመዞር 990 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ማንም ፕላኔቱን አይቶት አያውቅም። የተገኘው በ2009 ካሊፎርኒያ ባለው ሊክ ኦብዘርቫቶሪ ነው፣ የተገኘውም ኮከቡ ሲወዛወዝ ተይዞ ነው። ፕላኔቱ ሲዞር ኮከቡንም ትንሽ ይጎትተዋል። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ሲሸሽ ወደ ቀይ እጅግ በጥቂቱ ያዘነብላል። ያንን የብርሃን ለውጥ ለዓመታት ለክተው፣ መዝግበው፣ በየ990 ቀኑ ሲደጋገም አዩት። በቃ፣ አንድ ዓለም ተገኘ።

ግኝቱ አዲስ አይደለም ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል። ግን ይኸው ዘዴ ነው ዛሬም የሚሠራው። የታወቁት ፕላኔቶች ቁጥር በ2025 መስከረም አካባቢ 6,000 ሞልቷል። አብዛኞቹ የተገኙት ኮከባቸው ፊት ሲያልፉ ብርሃኑን ትንሽ ሲቀንሱት ነው፤ በመወዛወዝ የተያዙትም ከሺህ ይበልጣሉ። ሌላ ነገርም እየመጣ ነው። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ ኮከቦችን ቦታ ስትለካ ቆይታ በ2025 ጠፋች፤ ማለቴ ሥራዋን ጨርሳ አጠፏት። የሰበሰበችው መረጃ ግን ገና ተተንትኖ አላለቀም። ከዚያ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ፕላኔቶች ይወጣሉ ተብሎ ይጠበቃል፣ ኮከቡ ሰማይ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል እየታየ። አቦልን የሚመስሉ ትላልቅ፣ ዘገምተኛ ዟሪዎች ደግሞ ለዚህ ዘዴ በጣም ይመቻሉ።

እንዴት ታገኘዋለህ? ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፣ በአንተ ባይኖኩላር ግን በደንብ ይታያል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ፊትህን ወደ ሰሜን አድርግ። የድሬ መብራት ከታችህ ይሆናል፣ አይረብሽህም፤ ነገሩ ያለው ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ ነው። የአንድሮሜዳ ኮከቦች ሰንሰለት መጨረሻ ላይ አልማክ የሚባል ደማቅ ኮከብ አለ፣ ከሱ ወደ ምሥራቅ ደግሞ አልጎል። ስልክህ ላይ የኮከብ አፕ ካለ ሁለቱንም ያሳይሃል። በሁለቱ መሀል በባይኖኩላር ፈልግ፤ የተበተነ የኮከብ ዘለላ ይገባልሃል። ኤም 34 ይሉታል። ዘለላውን መሀል ላይ ካደረግክ በኋላ ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚይዙትን ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ራቅ በል። እዚያ ያለው ፈዘዝ ያለ ነጠላ ኮከብ ቡና ነው። አፑ ላይ ኤችዲ 16175 ብለህ ብትጽፍ እዚያው ላይ ያቆምልሃል።

(የግሪኮቹ ተረት አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያደርጋታል። ቡና ያለው በስሟ በሚጠራው የኮከብ ክልል ውስጥ ነው። ልጅቷ ተረት ከወደደች ይህንንም ጨምርላት።)

የቀረው የግንቦት ሰማይ ነው፣ ዝናቡ ከፈቀደ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ስታይ የደቡብ መስቀል ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ይሆናል። ከሱ በላይ ወደ ግራ በኩል በባዶ ዓይን እንደ ደበዘዘ ኮከብ የሚታይ፣ በባይኖኩላር ግን ክብ ጭጋግ የሚሆን ነገር አለ። ኦሜጋ ሴንታውሪ ነው። አሥር ሚሊዮን ያህል ኮከቦች ታጭቀውበታል፣ 18,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በ2024 ሐምሌ ላይ የወጣው ጥናት ሕዋ ላይ ያለው ሀብል ቴሌስኮፕ በሃያ ዓመት ውስጥ ያነሳቸውን ከ500 በላይ ምስሎች አንድ ላይ አስተያየ። የ1.4 ሚሊዮን ኮከቦችን እንቅስቃሴ ለኩ። መሀሉ ላይ ሰባት ኮከቦች ከልክ በላይ ሲሮጡ ተገኙ። በዚያ ፍጥነት ዘለላውን ጥለው መውጣት ነበረባቸው፣ ግን አልወጡም። የሚይዛቸው ከባድ ነገር አለ ማለት ነው። ስሌቱ ቢያንስ 8,200 ፀሐይ የሚመዝን ብላክ ሆል፣ ማለትም ብርሃን እንኳ ከስበቱ የማያመልጠው ነገር ነው ይላል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ሳይሆን የብዙ ትናንሽ ብላክ ሆሎች ክምችት ሊሆን ይችላል ብለው ይሞግታሉ። እኔ በበኩሌ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፤ ሰባቱ ኮከቦች እንደዚያ የሚፈጥኑት መሀል ለመሀል ላይ ነውና።

ሌላ ነገር ቢቀር አንድ ምክር፦ ጨረቃ የሌለባትን ሌሊት ምረጥ። ለዚህ ካሌንደር መግዛት አያስፈልግህም። የሒጅራው ወር ሲያልቅና ሲጀምር ያሉት ቀናት ናቸው፣ ጎረቤትህን ብትጠይቅ ይነግርሃል።

ሐሮማያ ዶርም፦

ቲቸር እናመሰግናለን። አንድ ነገር ግን ዘለሉ። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ራሱ በዓይን ይታያል አይደል? ከ4 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ከእኛ ጋላክሲ ጋር እንደሚጋጭ የተረጋገጠ ነው፣ መጽሐፋችንም ላይ አለ። ከሱ የበለጠ ምን የሚያሳዩት ነገር አለ?

ቲቸር ከሐረር፦

መጽሐፍህ ሲጻፍ ትክክል ነበር። በ2012 የሀብል ልኬት «በርግጥ ይጋጫሉ» አሰኝቶ ነበር። በ2025 ግንቦት መጨረሻ ላይ ግን ከሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን የጋያንና የሀብልን አዲስ ልኬት ወስዶ በኮምፒውተር መቶ ሺህ ጊዜ አስመስሎ ሄደበት። ውጤቱ? በሚቀጥሉት 10 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ የመጋጨት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ገደማ። አንተ ባልከው ጊዜ አካባቢ፣ ማለትም በ5 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ የመሆኑ ዕድል ደግሞ 2 በመቶ ያህል ብቻ።

ለምን ተቀየረ ብለህ ብትጠይቅ ነገሩ እዚህ ጋ ነው የሚጥመው። ድሮ የሚያሰሉት ሁለቱን ትላልቅ ጋላክሲዎችና ሌላ ሦስተኛ ጋላክሲ ብቻ ይዘው ነበር። አሁን ትልቁን የማጄላን ደመና ጨመሩበት። ያ ከሐኪም ጋራ ላይ የማየው ትንሽ ደመና እኛን ወደ ጎን ይጎትተናል፤ ጉተታው ከአንድሮሜዳ ጋር ፊት ለፊት የመላተም ዕድላችንን ይቀንሰዋል። እሱ ራሱ ግን አያመልጥም። በ2 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ከእኛ ጋላክሲ ጋር መዋሐዱ ያለቀለት ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደርሶብን የሚቀላቀለንን ጋላክሲ ማየት ከፈለግክ ፊትህን ወደ ደቡብ ነው የምታዞረው።

አንድሮሜዳን ለማየት ኅዳር ሚካኤል አካባቢ ከምሽቱ 3 ሰዓት ወደ ሰሜን፣ ከፍ ብሎ ፈልግ። ሞላላ የጭጋግ ነጠብጣብ ነው። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። በባዶ ዓይን በቀላሉ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ ሩቁ እሱ ነው።

ሳቢያን 3፦

እኔ ያልገባኝ ሁላችሁም ትልቁን ዜና ትታችሁ ጭጋግ ትፈልጋላችሁ። ኬ2-18ቢ የሚባል ፕላኔት ላይ ሕይወት ተገኝቷል! በ2025 ወጥቷል። ደግሞ ሕዋ ላይ ያለው ዌብ ቴሌስኮፕ ከቢግ ባንግ፣ ማለት ጽንፈ ዓለሙ ከጀመረበት ቅጽበት በፊት የነበሩ ጋላክሲዎች አግኝቶ ቢግ ባንግ ውድቅ ሆኗል። ይህን ለምን አይነግሯትም ለልጅቷ?

ቲቸር ከሐረር፦

ስላልሆነ ነዋ።

ኬ2-18ቢ ከእኛ 124 የብርሃን ዓመት ይርቃል፣ አንበሳ በሚባለው የኮከብ ክልል ውስጥ ነው። አየሩ ውስጥ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳለ በ2023 በዌብ ታይቷል፣ ይህ ጥሩ ሥራ ነው። በ2025 ሚያዝያ ላይ የካምብሪጁ ቡድን ዲሜቲል ሰልፋይድ የሚባል ሞለኪውል ፍንጭ አይተናል አለ። ምድር ላይ ይህን ሞለኪውል በዋናነት የሚያመነጩት የባሕር ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ወሬው የተነሳው ከዚህ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው «ሕይወት አገኘን» አላሉም። የምልክቱ ጥንካሬ ሦስት ሲግማ ነበር (ሲግማ ነገሩ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑ የሚለካበት ነው)፤ ግኝት ለማለት የሚጠየቀው አምስት ነው። ሌሎች ቡድኖች ያንኑ መረጃ እንደገና ሲተነትኑት ምልክቱ ደከመባቸው፣ ለአንዳንዶቹም ጭራሽ አልታይ አለ። ኮከቡም በ10×50 አይታይም። ስለዚህ ለሹፌራችን አይሆነውም።

ጋላክሲዎቹን በተመለከተ ከቢግ ባንግ በፊት የተገኘ የለም። በ2024 ይፋ የሆነው ሩቅ ጋላክሲ ብርሃኑ የተነሳው ከቢግ ባንግ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው፣ በ2025 ደግሞ 280 ሚሊዮን ዓመት ላይ ያለ ሌላ ተገኘ። አስገራሚው ነገር ብዛታቸውና ድምቀታቸው ነው። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል ደማቅ ይሆናሉ ተብሎ አልተጠበቀም። የ2024ቱ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ተገኝቶበታል። ኦክስጅን የሚሠራው ኮከብ ሆድ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከዚያም በፊት ኖረው የሞቱ ኮከቦች ነበሩ ማለት ነው። የተናወጠው ጋላክሲ በምን ፍጥነት ይሠራል የሚለው ግምት ነው፣ ቢግ ባንግማ ከነማስረጃው ቦታው ላይ ነው።

የደንገጎ ሹፌር፦

ቲቸር እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ሁለቱንም ይቀበሉ። ሁሉንም ወረቀት ላይ ገልብጬ ጋቢና ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ረዳቴ «ቡናን ሳናይ ጭነት አናወርድም» እያለ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ኮከብ የትኛው ነው? ከእኛ ይታያል? እሱ ጋ ፕላኔት አለ የሚባለውስ? ልጅቷ ይህን ደጋግማ ነው የምትጠይቀው። ሁለተኛ፣ ባይኖኩላሩን ስይዘው እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ኮከቡ አይቆምልኝም። ምን ላድርግ?

ቲቸር ከሐረር፦

አልፋ ሴንታውሪ ከእኛ ይታያል፣ ያውም ደምቆ። ኦሜጋ ሴንታውሪን በምታይበት የግንቦት ሌሊት አንድ ሰዓት ያህል ቆይተህ ከደቡብ መስቀል በስተግራ ያሉትን ሁለት ደማቅ ኮከቦች ፈልግ። በስተግራ ያለውና ይበልጥ የደመቀው እሱ ነው። 4.4 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው ርቀቱ። አንድ ኮከብ ይመስላል እንጂ ሁለት ፀሐዮች እርስ በርስ ይዞራሉ። አጠገባቸው ፕሮክሲማ የሚባል ትንሽ ቀይ ሦስተኛ አለ። እሱ በትንሹ ቀረብ ይላል፣ ግን በባይኖኩላርህ አይታይም። ፕሮክሲማ ፕላኔት እንዳለው ከ2016 ጀምሮ ይታወቃል።

ልጅቷ የሰማችው ግን የትልቁን ይመስለኛል። በ2024 ነሐሴ ላይ ዌብ ከሁለቱ ፀሐዮች በትልቁ አጠገብ አንድ ነጥብ አየ። ነጥቡ ከኮከቡ አሥር ሺህ ጊዜ ይደበዝዛል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላንተ ማስረዳት ቀላል ነው፦ ማታ ረጅም መብራት አብርቶ በሚመጣብህ ሲኖትራክ አጠገብ የሚጨስ ሲጋራ ፈልጎ ማግኘት ነው። ነጥቡ ፕላኔት ከሆነ ክብደቱ የሳተርንን ያህላል። በ2025 የካቲትና ሚያዝያ አካባቢ እንደገና ሲያዩ ግን የለም። ተመራማሪዎቹ ምን አደረጉ? ፕላኔቱ ሊሄድባቸው የሚችሉ ብዙ መንገዶችን አስልተው፣ በግማሾቹ ገደማ በዚያን ጊዜ ወደ ኮከቡ በጣም ተጠግቶ እንደሚሰወር አዩ። ስለዚህ አልጣሉትም፣ «እጩ» ብለው ያዙት። ለልጅቷ እጩ ነው በላት፣ አሁን የሚባለው ያ ነው። የሕዋ ዜና ስታነብም «እጩ» የሚለውን ቃል እንድትፈልግ አስለምዳት። ብዙ ጊዜ ርዕሱ ላይ አይኖርም፣ አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው ተደብቆ የሚገኘው።

ስለ መንቀጥቀጡ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ በእጅ ተይዞ አይረጋም። የአይሱዙህን ስፖንዳ ተጠቀም። ጠርዙ ላይ ፎጣ ወይም ባዶ ከረጢት እጠፍና ባይኖኩላሩን እዚያ ላይ አስደግፈው። ሞተሩ ይጥፋ፤ ስራ ፈት ላይ ሆኖ የሚሰጠው ንዝረት እንኳ ኮከቡን ያስጨፍረዋል። ወደ ላይ በጣም ለሆነው ደግሞ ጭነቱ ላይ ተኝተህ ክርንህን ደረትህ ላይ አጋድም።

መብራቶቹን ሁሉ አጥፋና ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ታገስ። መኪናዋን ግን ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ አውጣ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ አትርሳ፤ ደንገጎ ላይ የሚወርደውን ታውቀዋለህ። አንድ ስልክ ለአፑ ይበራ፣ ብርሃኑ ቀንሶ ቀይ ይሁን፤ አብዛኞቹ አፖች የሌሊት ቀይ ምርጫ አላቸው። አፑን ስትጠቀም ከመኪናዋ ጥቂት እርምጃ ራቅ በል። የስልኩ ኮምፓስ ብረት አጠገብ ይሳሳታል፣ ሰሜንን ምሥራቅ ያደርግብሃል።